እናቴ «ቁረጪው» ስትል

እናቴ ያን ዕለት «ቁረጪው» ስትለኝ፣ ምን እንደምቆርጥ ታውቅ ነበር? ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የሆነ ነገር ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም።

የምንኖረው መካኒሳ ነበር። እናቴ የሰፈሩ አዋላጅ ነበረች፤ በእጇ ያልተወለደ የጎረቤት ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ካረጀች በኋላ አጥንቷን ይቆረጥማት ጀመር። ውሃ ጠጥታ አትረካም፤ እህል አይበላላትም፤ ኩላሊቷም ጠጠር ይዟል ተባለ። ቀጥሎ አእምሮዋ ደከመ። እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር።

«እርጅና ነው» አለ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ። ጎረቤቱም እንደዚያው አለ። «ትረፍ፣ ትተኛ» እያሉ አልጋ ላይ አዋሏት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ማታ ማታ እየተማርኩ ቀጠልኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። እርጅና ሰውን እንዲህ ውሃ የሚያስጠማው ለምንድን ነው? ይህ አልዋጥ ስላለኝ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ አስረዳኝ። አንገታችን ውስጥ፣ ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ከእናቴ ዕጢዎች አንዱ አብጦ ከልክ በላይ ስለሚሠራ፣ አጥንቷ ካልሲየሙን ወደ ደሟ እየለቀቀ ነው። አእምሮዋን ያደነዘዘውም እሱ ነው።

«መተኛት ይብስባታል። ውሃ በደንብ ትጠጣ፤ ደግፋችሁ አራምዷት። መፍትሔው ግን ዕጢውን ማውጣት ነው። በዚህ ዕድሜዋ አደጋ የለውም አልልሽም፤ እንዲሁ ከተተወች ግን ወደ ራሷ የምትመለስ አይመስለኝም» አለኝ።

«መሠረተ ትምህርት ሐኪም አደረገሽ?» አለ ወንድሜ ስነግረው። «ሰማንያ ሊሞላት የደረሰች አሮጊት አንገቷ ይታረዳል እንዴ?»

ከሁሉ የከበደው ግን የማተቧ ነገር ነበር። በአብዮቱ ሰሞን አንድ ካድሬ ቀበሌ ስብሰባ ላይ «እማማ፣ ይሄን ክር አይጥሉትም?» ሲላት፣ «ከነአንገቴ ከሆነ ውሰደው» ያለች ሴት ናት። አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ ካድሬው አፍሮ ተቀመጠ። ወንድሜ ይህን እያነሳ «ሞትን ትመርጣለች» ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ እኔ ፈረምኩላት። የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት ነርሷ መጣች። «አንገቷ ላይ ክር እያለ አትገባም። እኔ ግን የሰው ማተብ አልነካም» አለችና መቀስ ሰጠችኝ። ወንድሜ የነፍስ አባቷን ሊያመጣ ሄዷል፤ እሱ እስኪመለስ ብጠብቅ ተራዋ ያልፋል። ቋጠሮውን ልፈታው ብሞክር በላብ ጠጥሮ እንቢ አለኝ።

«እማዬ፣ ልቁረጠው?»

ዓይኗን ገለጠች። እጄን ያዝ አድርጋ «ቁረጪው። ልጅቷ ትተንፍስ» አለች፤ ልክ ምጥ የያዛት ሴት ቤት ገብታ ረዳቶቿን እንደምታዝዘው።

ስለ እትብት ይሁን ስለ ማተቧ አላወቅኩም። ቆረጥኩት።

ሳምንታት አልፈው እናቴ በስሜ ጠራችኝ። አንድ ቀን ደግሞ አንገቷን ዳሰሰችና «ማነው የወሰደብኝ?» ብላ አለቀሰች። ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ «ሐኪሞቹ ናቸው» አላት። የነፍስ አባቷ አዲስ አሰሩላት። የወንድሜን ቃል አላረምኩም። «እኔ ቁረጪው አላልኩሽም» እንዳትለኝ ፈርቼ አልጠየቅኳትም። በገዛ እግሯ ሀና ማርያም እየተሳለመች ዓመታት ኖራ አረፈች።

ካረፈች በኋላ፣ ወንድሜ ቤት ሳለሁ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሸዋዬ መጣች። እናቷ ላይ ያው በሽታ ተገኝቶ ልታማክረው ነው።

«አታስነኪያቸው!» አላት ጋሼ ታደሰ። «የእኛን እናት እነዚያ እምነት የለሾች ማተቧን በጥሰው ጣሉባት!»

የሸዋዬ ፊት ጠቆረ። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል፣ «ጋሼ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«በዚህ እጄ። ሐኪሞቹን ተዋቸው።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ!»

«ይቅርታ የጠየቀ የለም። ዛሬም መቀሱን ቢሰጡኝ እቆርጠዋለሁ።»

ከዚያ ወደ ሸዋዬ ዞሬ፣ እናቷ ውሃ በደንብ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቅኳት።