ከግጥሙ የወጣው ስም

ትናንት የእትዬ ዘይነባ የልጅ ልጅ ደወለችልኝ። እትዬ ዘይነባ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ያረፉት ባለፈው ወር ነው። ልጅቷ ሳሚራ ትባላለች፤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች፣ አንቱታ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት፣ ግን ደግ ልጅ ናት። «አርቲክልሽን ኦንላይን አገኘሁት» አለችኝ። «በርበሬ የምታሽገው፣ አልማዝ ያልሻት አያቴ ናት አይደል? ሶ፣ ግጥሟን ሰደቃዋ ላይ ላነበው ነው። ኦኬ ነው?» ጡረታ ወጥቼም ያ ጽሑፍ አልለቀቀኝም።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ፤ የምጽፈው ስለ ወሎ ሴቶች የለቅሶ ግጥም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት ከሃውቶርን አሮጌ መኪናዬን ድራይቭ አድርጌ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ፌርፋክስ እመጣለሁ። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስቴ ዞሬ፣ በዚያ በመስከረም ሙቀት ላብ በላብ ሆኜ፣ እትዬ ዘይነባ የሚሠሩበት ቅመማ ቅመም ሱቅ እገባለሁ። ጓዳው ውስጥ በርበሬ በከረጢት ያሽጋሉ። ገና ከበሩ ያስነጥሰኛል፤ እሳቸው ይስቃሉ። «አይ ምሁር! በርበሬ የፈራች ምን ልትማር ነው!» ይሉና ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ጥቁር አዝሙድ ካለበት ዳቦ ጋር ያቀርቡልኛል። ምርምሩን ትቼ ለዳቦው ብቻ የሄድኩበት ቅዳሜም ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ወደ ሱዳን ሲሰደዱ አብሯቸው የነበረው ወንድማቸው ሰይድ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞቷል። መቃብር የለውም። አንድ ቀን እጃቸውን ከበርበሬው ጠራርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሱ የገጠሙትን ነገሩኝ፦

«ውሃ ውሃ ብሎ ሰይድ እዚያው ቢቀር፣
ከብርጭቆው አፋፍ ጥሙ ይጣራ ጀመር።»

ጻፍኩ። ስለ ቤት አመታቱ፣ ስለ ዜማው፣ ስለ ቃላቱ ብዙ ጠየቅኳቸው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሙ ይጻፍልኛል? ድንጋይ አላቆምኩለትም። እስኪ ወረቀት ላይ እንኳ ይቀመጥ።»

«ምን ጥያቄ አለው እትዬ!» አልኩ። ለአፍ ዳገት የለውም።

ጽሑፉን የላክሁለት መጽሔት አርታኢ ወደደው። ግን ደንብ አለ፤ ባለታሪኮቹ በስማቸው እንዲጠሩ ፈርመው ካልፈቀዱ ስማቸው ይቀየራል። ቀኑ ደግሞ አልቋል። ፊርማውን ላምጣ ብል ጽሑፉ ለሚቀጥለው እትም ይተላለፍብኛል፤ ለመምህርነት ለማመልከት ደግሞ የታተመ ነገር በእጄ መያዝ ነበረብኝ። ፌርፋክስ የአንድ ከሰዓት መንገድ ነበር። አልሄድኩም። ዘይነባን «አልማዝ»፣ ሰይድን «ወንድሜ» አደረግኳቸው። ምቱም አልተበላሸም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ አያሳፍርም?

መጽሔቱ ሲደርሰኝ ስጦታ እንደያዘ ሰው ሮጥኩ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ግጥሙ ግን በአማርኛ ፊደል ስለታተመ መጽሔቱን ተቀበሉኝና ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ሰይድ የት ነው?»

«ወንድሜ የሚለው እሱ ነው፣ እትዬ።»

«አልማዝስ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት። ለደኅንነትዎ ተብሎ ነው፤ ስም መደበቅ ደንብ ነው።»

«ከማን ነው የምትደብቂን ልጄ?» አሉ። «እሱን እንደሆነ በረሃው ደብቆታል።»

አልጮኹም። ሻይ ቀዱልኝ፤ ያ ነው የገደለኝ። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ! ስነሳ መጽሔቱን ዘርግተው ሰጡኝ። «ውሰጂው፤ የአልማዝ ነው።»

እርማት እንዲወጣ እጽፋለሁ ብዬ ምዬ ወጣሁ። ከዚያ ሥራው ተገኘ፣ ማስተማሩ ተጀመረ፣ ዛሬ ነገ ስል ዕድሜዬ አለቀ። ሌሎች ምሁራን ግጥሙን ከእኔ ወስደው «አልማዝ እንዳለችው» እያሉ ጠቀሱት። የሌለችው ሴት ከእኔ በላይ ታወቀች። እትዬ ዘይነባ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል፤ ግጥም ግን ዳግመኛ አልነገሩኝም።

«ኦኬ አይደለም» አልኳት ሳሚራን። «መጀመሪያው መስመር ላይ ‹ወንድሜ› የሚለውን ሰርዢና ‹ሰይድ› ብለሽ አንብቢ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሰይድ ማነው?» አለችኝ።

«የአያትሽ ወንድም ነው። ነግረውሽ አያውቁም?»

«ኖ፣ ስለ ወንድም ምንም ብላኝ አታውቅም።» ከወረቀትና ብዕር ጋር ስትታገል ተሰማኝ። «ቆይ ልጻፈው። ሰዎቹ ቢጠይቁኝ ምን ልበል? ምን ዓይነት ሰው ነበር? ታላቋ ነው ታናሿ?»

የድሮ ማስታወሻዬን ከመደርደሪያው አውርጄ ገለጥኩ። ስለ ቤት አመታቱ ገጽ በገጽ ሞልቻለሁ። ስለ ሰይድ ያለኝ ስሙና ጥሙ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ዳቦአቸውን እየበላሁ፣ ታላቃቸው ይሁን ታናሻቸው እንኳ አልጠየቅኳቸውም።