መጀመሪያ ማሳ

አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ በሦስት ቃል ነው፤ "መጀመሪያ ማሳ እዪ።" ይህ ማሳ የገበሬው ማሳ አይደለም። ከባትሪው ኔጌቲቭ የምትወጣው ጥቁር ሽቦና የምትታሰርበት የመኪናው ብረት በአባቴ አፍ ማሳ ይባላሉ። ቃሉን የወረሰው ከጣልያን ጋራዥ ከተማሩ አሮጌ መካኒኮች ነው፤ ካምቢዮና ጎሚስታ ከወጡበት ከረጢት የወጣ ነው። ኤሌክትሪክ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በማሳ ይመለሳል፣ መመለሻ ካጣ ደግሞ ከመነሻውም አይሄድም። አባቴ ወገቡን አሞት ሥራውን ሲተውልኝ ቃሉን ከመፍቻዎቹ ጋር አስረከበኝ። የአርሲ ምድር ከዳር እስከ ዳር የስንዴና የገብስ ማሳ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ረቡዕ፣ አሰላ ጋራዤ ውስጥ ከአንድ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ከኦጎልቾ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወረድ ብለው ሽንኩርት የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ቀደም የጭነት መኪናቸውን መብራት ሠርቼላቸው ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ጀልባዬ ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሄደው።"

"አባባ፣ እኔ እኮ የመኪና ነኝ። እንኳን ጀልባ ልሠራ ተሳፍሬም አላውቅ።"

እውነቴን ነበር። የከተማችን ሰው በሩጫ ይታወቃል፤ እኔ የምሮጠው ግን ከውኃ ስሸሽ ብቻ ነው።

"ሞተር አላት፣ ባትሪ አላት፣ ማርሽ አላት፣" አሉ። "መኪና ማለት ሌላ ምንድነው?"

ነገሩን አስረዱኝ። ጀልባዋ ከአንድ ሎጅ የወጣች አሮጌ ናት። ማርሿ የሚገባው በኤሌክትሪክ ነው፤ መሪው አጠገብ ያለችው እጀታ ማብሪያ ማጥፊያ እንጂ ሌላ አይደለችም። ወደ ኋላ ሲስቧት ጀልባዋ ትታዘዛለች። ወደ ፊት ሲገፏት ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አትልም።

ችግሩ ጀልባዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይፈልጉ ብዬ እዘጋው ነበር። ባለቤታቸው ግን የደሴት ልጅ ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ሙሽራ ሆነው በሸንበቆ ታንኳ ሲሻገሩ፣ ታንኳዋ ዳር ላይ ተገልብጣ የሠርግ ጫማቸው ሐይቅ ገባ። ሙሽራው ሳቁ። ሙሽራይቱም ባዶ እግራቸውን ጭቃ ላይ ቆመው ማሉ፤ በባሌ ጀልባ፣ ያውም በሞተር ካልሆነ ወደዚያ አልሻገርም አሉ። ግትር ሰው አውቃለሁ፣ አንዷ እኔው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ እኅታቸው ናቸው በገበያ ቀን እየተሻገሩ ሲጠይቋቸው የኖሩት። አሁን የእኅትየው ጉልበት ከድቷቸው ከደሴቱ መውጣት ትተዋል። የፊታችን እሑድ ምሳ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ጀልባዋ ካልሄደች ሁለቱ እኅትማማቾች አይተያዩም።

"ታዲያ ወደ ኋላም ቢሆን አይሻገሩም?" አልኩ።

"ሚስቴን ጀርባዋን አዙሬ አማቶቼ ቤት ላስገባት?" አሉ፤ ድምፃቸው ተቀየረ። ይቅርታ ጠየቅሁ።

"በሉ መጀመሪያ ማሳውን እንይ። ማሳው እንዴት ነው?"

በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ በጨነቃቸው ሰዓት ስለ እርሻቸው የምትጠይቅ ጨዋ ልጅ ብለው ልባቸው ተነክቶ ነበር።

"ይመስገን፣ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት አርሜዋለሁ።"

እሳቸው አረሙን ነቅያለሁ ማለታቸው ነው። እኔ የሰማሁት ስሕተቱን አስተካክያለሁ የሚለውን ነው።

"ጎበዝ። ላልቷል ወይስ ጠብቋል?"

"ዛሬ ጠዋት ውኃ ጠጥቷል፣ ላላ ብሏል።"

"ውኃ?" ብዬ ስነሣ ግንባሬ ከዳሽቦርዱ ጋር ተላተመ።

"በየቀኑ አጠጣዋለሁ። በፓምፕ።"

እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ፣ አልክድም። "አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ ውኃ እንዳይነካው። ይድረቅ። ክው ብሎ ይድረቅ።"

"ክው ብሎ?"

"ክው ብሎ። ከዚያ ጥቁሯን ሽቦ ከማሳው ጋር ጥብቅ አድርገው ይሰሯት።"

"ሽቦዋ እኮ አትደርስም።"

"በሌላ ሽቦ ይቀጥሏት። ከማሰርዎ በፊት ደግሞ ማሳውን እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት።"

"ሌላውን ሁሉ ቶሌ፣ እሺ" አሉ። "መፈተጉን ግን ዕድሜዬም አይፈቅድልኝ።" እኔ ደግሞ በልቤ፣ አቤት ስንፍና፣ አልኩ።

ዓርብ ዕለት እንደገና ደወሉ። ያልሽኝን አድርጌያለሁ፣ ጀልባዋ አሁንም ወደ ኋላ ናት፣ ሽንኩርቱም ሊሞት ነው አሉኝ። ሽንኩርቱን ከጀልባዋ ጋር ምን አገናኘው ብዬ አለፍኩት። በእርጅና ጊዜ ሰው ብሶቱን ይቀላቅላል።

ቅዳሜ ጠዋት ከአሰላ ብርድ በሹራብ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ስደርስ ሹራቡ ወገቤ ላይ ታስሮ ነበር። መጀመሪያ የተቀበሉኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ሽንኩርቱን በውኃ ጥም የቀጣሽው አንቺ ነሽ?"

እጃቸው ወደሚያመለክተው ዞርኩ። ሽንኩርቱ በየመደቡ አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል። በመሐሉ ወፍራም የአጥር ሽቦ ተዘርግቷል። ሽቦው ከጀልባዋ ሆድ ይነሣል፣ በሸንበቆው መሐል ያልፋል፣ ስልሳ እርምጃ ያህል እርሻው ውስጥ ገብቶ አንድ የእንጨት ችካል ላይ ይጠመጠማል። ጥብቅ አድርገው ይሰሩ ብያለሁና፣ ሽማግሌው በችካሉ ብቻ አላመኑም። በዙሪያው ያሉትን አራት ጭብጥ ሽንኩርቶችም ከነሥራቸው አብረው ጠፍረዋቸዋል።

መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ረቡዕ ያወራነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቤ ስደግመው ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ከዚያ የአባቴን ማሳ፣ የጣልያንን ማሳ፣ የጥቁሯን ሽቦ ነገር አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ጣልያን ስለ ማሳ ምን ያውቃል?" አሉ።

ባለቤታቸው ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። "በሉ አሁኑኑ ያጠጡት" አልኳቸው። ፓምፑን አስነሥተው ቀኑን ሙሉ አጠጡት። ያን ያህል ውኃ የጠጣ መደብ አይቼ አላውቅም፤ በየመደቡ እየዞሩ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

እኔ ወደ ጀልባዋ ገባሁ። በመጀመሪያ የአጥሩን ሽቦ ከጥቁሯ ሽቦ ላይ ፈታሁት። እግሬን እንዳይጠልፈኝ ብዬ ለጊዜው ከፊት ያለው የብረት ቀለበት ላይ ጠመጠምኩት። ለጊዜው።

ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሹ ሳጥን ላይ፣ ሁለት ሶሌኖይዶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ጠቅ ብለው ማርሹን የሚያስገቡ፣ አንዱ ለፊት አንዱ ለኋላ። እጀታዋን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ ጠቅ። ወደ ፊት ገፋሁ፤ ጸጥ። የፊቱን ሽቦ ነቅዬ በመፈተሻ አምፖሌ ስነካው ቦግ አለ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እዚያ ድረስ ይመጣል። ሽቦውን መልሼ ሰካሁ፤ አሁንም ጸጥ። ሶሌኖይዱ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ በቴስተር ለካሁት፤ ጤነኛ ነው። እጀታዋን ፈታሁ፣ ፊውዞቹን አወጣሁ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ዓሣ ዓሣ የሚሸት ወለል ላይ በደረቴ ተኛሁ። ጀልባዋ በተነቃነቀች ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ብረት እጨብጣለሁ።

በዚህ መሐል አባቴ ደወለ። "ማሳውን አየሽ?"

"ዛሬ ስለ ማሳ እንዳታነሣብኝ" ብዬ ዘጋሁበት።

ከዘጋሁ በኋላ አየሁት። የፊተኛው ሶሌኖይድ ጥቁር ሽቦ በአንዲት ቡሎን ካምቢዮው ላይ ታስራለች። ቡሎኗ አረንጓዴ ናት። ካምቢዮውም አረንጓዴ ነው። ባለቤታቸው፣ እማማ፣ ዝገት ላይ አልቀመጥም ስላሉ ሽማግሌው ጀልባዋን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ቀለም ቀብተዋታል። ለዚያች ቡሎን ደግሞ ለየት ያለ ፍቅር አሳይተዋታል፤ ፈትተው፣ ከሥሯ ሁለት እጅ ቀብተው፣ መልሰው አስረዋታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የኋለኛው ሶሌኖይድ ቡሎን ብሩሽ የማይደርስበት ከሥር ስለሆነች ከነዝገቷ ቀርታለች፣ ስለዚህም ትሠራለች። ሰውየው ወደ ፊት መሄድን በገዛ ፍቅራቸው ነው የዘጉት።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ ብረቱን አብለጨለጭኩት። ቡሎኗን አጠበቅሁና እጀታዋን ገፋሁ። ጠቅ። ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባዋ ገመዷን ወደ ፊት ስትጎትት ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በጣም ደስ አለኝ፣ ለአባቴ ግን አልደወልኩለትም።

እዚያው አደርኩ። እሑድ ጠዋት እማማ ነጭ ለብሰው መጡ። አዲስ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለዋል፤ አንዴ የተቀጣ ሰው ናቸው። ቅር ያላቸው አንድ ነገር ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ባዶ እጄን ልገባ ነው፣ ሽንኩርቱም ገና ተኝቷል እያሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፋል። እኔ ለመሰናበት እጄን ስዘረጋ እጄን ይዘው ሳቡኝ።

"የጠገንሽው አንቺ ነሽ። ካመንሽበት ትሳፈሪያለሽ።"

ተሳፈርኩ። ሽማግሌው እጀታዋን ገፉ፣ ጀልባዋም ወደ ፊት ሄደች። ለሽኝት የወጡ ጎረቤቶች ድንገት እጃቸውን እያወዛወዙ መጮህ ጀመሩ። እኛም እጃችንን አወዛወዝን። በጣም ጮኹ፣ አንዳንዱ ወደ እርሻው ሮጠ፣ ምን ያህል ቢወዷቸው ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ወዲያው ጀልባዋ አንዴ ነቅነቅ አለችና ቀጠለች።

"ማርሽ ቀየረች" አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው።

የቀረውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኩት። ደሴቱ ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ለማቆም እንኳ የኋላ ማርሽ አላስገባም አሉ፤ አማቶቻቸው እያዩ። ሞተሩን አጥፍተው ጀልባዋን በአፍንጫዋ ሸንበቆው ውስጥ ሰኳት። እማማ ጫማቸውን ከፌስታሉ አውጥተው አደረጉ። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ወደ ፊት አድርገው ወረዱ። እኅታቸው ምርኩዝ ይዘው ዳር ላይ ቆመው ነበር። ምርኩዙ ወደቀ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲቆሙ ማን ማንን እንደ ደገፈ አይለይም ነበር። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

ሽማግሌው ጀልባዋን ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ የፊቱን ቀለበት አዩት። የአጥሩ ሽቦ እንደ ጠመጠምኩት ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ተረቱ ሽቦን ረስቷል። ሽቦውን መጎተት ጀመሩ። ስልሳ እርምጃ ሽቦ ጎትተው ሲጨርሱ ችካሉ ከውኃው ወጣ። አብረውት አራት ጭብጥ ሽንኩርቶች ወጡ፣ ከነሥራቸው፣ ጭቃቸው ታጥቦ ነጭ ሆነዋል።

እማማ ሽንኩርቶቹን ከባላቸው እጅ ተቀብለው ለእኅታቸው ሰጡ። "ባዶ እጄን የምመጣ መስሎሽ ነበር?" አሉ፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

ሽማግሌው ችካሉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልክ ነበርሽ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ። "ማሳው ላልቶ ነበር።"