ያልተለበሰው የሃሩኤ ኪሞኖ

የባሌ ታላቅ እህት ሃሩኤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው የሐር ኪሞኖ፣ ያንን እጅጌ ሰፊውን የአገራችንን ረጅም ልብስ፣ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ማጠብ ስል በሳሙና ማሸት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ስፌቱን በሙሉ ትተረትራለች። ከዚያ ቁራጮቹን አያይዛ እንደ አዲስ ጣቃ አንድ ረጅም ጨርቅ ታደርጋቸውና በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባለች። ከባሕር ሣር የፈላ ስስ ሙጫ ትቀባውና በቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች ወጥራ ጓሮ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች። ሲደርቅ መልሳ መስፋት ነው። በእኛ ከተማ በካናዛዋ የበረዶ ወራት እጇ ቀልቶ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

«እትዬ፣ ምናለ ይሄን ሥራ ብትተዪው?» ስላት፣

«ትቼው ምን ልሁን? ዳንስ ልማር?» ትለኛለች።

እሷ ራሷ የምትለብሰው የጥጥ ሱሪና ጥጥ የተሞላበት ጃኬት ነው። የሐር ልብሷ አንድ ብቻ ናት፤ ደማቅ ብርቱካናማ ኪሞኖ። በወጣትነቷ ስትታጭ እናቷ ያሰፋችላት ናት። እጮኛዋ ግን ለሥራ ብሎ ኦሳካ ሄደና እዚያው አንዷን አግብቶ ቀረ። ሃሩኤ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ወደ ውሃዋ ተመለሰች። ኪሞኖዋም መጀመሪያ በሚለበስበት ቀን የሚመዘዘው ነጭ የማያዣ ክር ጠርዟ ላይ እንዳለ ሳጥን ገባች። በየዓመቱ አየሩ ደረቅ ሲል ታወጣታለች፣ ጥላ ውስጥ ታናፍሳታለች፣ መጠቅለያ ወረቀቷን ቀይራ በዱሮው እጥፋት አጥፋ ትመልሳታለች።

«ለማን ነው የምታስቀምጪው? ለብል ነው?» እላለሁ።

«ብልስ አልነካውም። እኔን የበላሽኝ አንቺ ነሽ!»

ባለፈው መከር አላስችል አለኝና፣ «ለልጅ ልጄ ለካዙዮ ስጫት፤ ለአዲስ ዓመት ትልበሰው» አልኳት።

«እሺ፣ ትምጣና ልለካት» አለች ቀስ ብላ። «እኔስ ከእንግዲህ መቼ ልለብሰው ነው?»

ካዙዮ መረብ ኳስ ተጫዋች ናት፤ ቁመቷ የበሩን ጉበን ይነካል። ኪሞኖው ትከሻዋ ላይ ሲጣል ክንዷ ከእጅጌው ተርፎ ወጣ። ኪሞኖ ሲሰፋ ትርፉ ተቆርጦ አይጣልም፤ ለሚመጣው ሰው ተብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሃሩኤ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች ትርፉን ፈለገች፤ ከዚያ ፊቷ ጠቆር አለ።

«የታጠፈው ሁለት ጣት አይሞላም። እናቴ እኔን ብቻ ነው የለካችው።»

«እንግዲያው እማማ ሃሩኤ፣ እርስዎ ይልበሱታ!» አለች ካዙዮ።

«በዚህ ዕድሜዋ? በዚህ ቀለም?» ብዬ ጮህኩ። በእኛ ዕድሜ ያለች ሴት ግራጫ ነው፣ ቢበዛ ቡና ዓይነት ነው የምትለብሰው። «ግድ ከሆነ ግራጫ ይነከርና ትልበሰው። ሰፈሩ ምን ይላል?»

ሃሩኤ አፈጠጠችብኝ። «ኖቡ፣ የሰፈሩን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ማን ምን እንዳፈሰሰበት አውቃለሁ። ይናገሩ እስቲ!»

በአዲስ ዓመት ጠዋት ክሩን ራሷ መዘዘችው። እኛም አላጣደፍናትም። ማልበሱን ካዙዮ ያዘች። የዘንድሮ ልጅ ምን ታውቃለች፣ የቀኙን ጎን በግራው ላይ ደረበችው።

«ኧረ ገና አልሞተችም!» ብዬ ዘለልኩ። «በዚያ በኩል የሚለብሰው ሬሳ ነው!»

ካዙዮ በሐፍረት ቀላች። ሃሩኤ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ተያት፣ ልጅቷ ትንሽ ቸኮለች እንጂ አልተሳሳተችም።»

አስተካክለን አለበስናት፣ መቀነቷንም ጠበቅ አድርገን አሰርንላት። እውነቱን ልናገር፣ ቀለሙ አማረባት። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

እንደ ልማዳችን ለአዲስ ዓመት ጸሎት ወደ ቤተ መቅደሱ ልንሄድ ስንወጣ በረዶ ይጥላል። ካዙዮ ጃንጥላ ዘረጋችላት፣ እኔ ወፍራም መደረቢያዬን ላለብሳት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ደጃፉ ላይ ቆማ እጅጌዋን በመዳፏ ትዳብሳለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምነው እትዬ፣ በረደሽ?»

«ኖቡ፣ ሐር ለካ ይሞቃል!» አለችኝ። «እኔ የማውቀው እርጥቡን ብቻ ነበር።»