ስልኬ ጠፍቶ የዋለበት ቀን

የባለቤቴ የታደሰ መርዶ የመጣልኝ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ቀን ነው።

ታደሰ ክፍለ ሀገር፣ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ይቆፍር ነበር። ሥራ ከመግባቱ በፊት ዘወትር ይደውልልኛል። ያን ዕለትም «ዛሬ ወደ ግራው ዋሻ ቀይረውኛል» አለኝ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የቀጨኔን ዳገት እያለከለኩ ምሳ ይዘው መጡ።

«ምን ተገኘ እትዬ?»

«ጎረቤት ማብላት ወንጀል ነው እንዴ? ብዪ!»

«ስልኬን አላዩትም?»

«ስልክ ይበላል? ይልቅ ይቺን ጉረሺ!»

እስኪመሽ አልሄድ አሉ። እኔም ሳቅኩባቸው። ለካ ወንድማቸው ከታደሰ ጋር ስለሚሠራ ዋሻዎቹ መደርመሳቸውን ሰምተዋል። መርዶውን ብቻዬን፣ በባዶ ሆዴ እንዳልሰማ ብለው ስልኬን አጥፍተው በነጠላቸው ቋጥረውታል።

ለቅሶው ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ አለቃ አጠገቤ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«ቀኑን ሙሉ ደወልንልዎት። የመደበው ኃላፊም አብሮት ስለተቀበረ በየትኛው ዋሻ እንዳለ የሚያውቅ አጣን። ለእርስዎ ነግሮዎት እንደሆነ ብለን ነበር። በቀኙ ስንቆፍር ዋልን። ግራው ጋ ስንደርስ ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።»

እትዬ አስካለ በዚያው ነጠላ እንባዬን እየጠረጉልኝ ነበር፤ በለቅሶው ጩኸት አልሰሙትም። እኔም እስከ ዛሬ አላረዳኋቸውም። ማንበብ ስለማይችሉ እዚህ ጻፍኩት። ያነበባችሁ አትንገሩብኝ፤ ታደሰን ብቻ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።