ባና ይዤ ምጽዋ የወረድኩ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጥተው ነበር። ባለቤቴ ሸዋንግዛው ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው። ጠያቂው ሁሉ እየቀነሰ ሲሄድ እነሱ ግን አልተውኝም። እትዬ አስካለ የገብስ ቆሎውን እየቆረጠሙ፣ «አንቺስ ምን አለብሽ፤ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የአንቺ ብቻ ሆኖ ነው ያለፈው» አሉኝ። ለማጽናናት ነው። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁላቸው። ሆዴ ግን «ስድስት ዓመት ሲቀር» አለ።

ስድስቱን ዓመት የወሰደችብኝ ምጽዋ ናት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፤ አንድ ገጽ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል፤ የሚያጣድፈኝ ግን የለም።

ሸዋንግዛው በደርግ ጊዜ፣ ገና ጢሙ ሳይወጣ፣ ወደብ የሚሠራ አጎቱን ተከትሎ ነው ምጽዋ የወረደው። እዚያ አያታቸው ከየመን በጀልባ የመጡ አንድ አዛውንት በረዶ ማምረቻ ነበራቸው፤ ዓሣ አጥማጆቹ በረዶውን እየገዙ ዓሣቸውን ከመበላሸት ያድኑበታል። ሰማዩ በነፃ በረዶ ከሚያወርድበት ከመንዝ ተነስቶ፣ ድንጋዩ በሚግልበት አገር በሞተር በረዶ መሥራት! ይህን እያነሳሁ ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ። አባቱ ሞተው ለለቅሶ ሲመጣ መንገዱ በጦርነት ተዘጋ፤ በዚያው መንዝ ቀረ። ዘመሮ ላይ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ሆነ። እኔ የትምህርት ቤቱ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ተጋባን።

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ መንገዱ ሲከፈት፣ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደብዳቤ አመጣለት። «አባቴ ዓይኑ ደክሟል። ሞተሩን ልናስነሳ ነው፤ ከአንተ በቀር ጠባዩን የሚያውቅ የለም። ና። ዘሃራ።» ይላል። የእጅ ጽሑፉ ልቅም ያለ ነበር። እኔ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ከምጽፈው ይበልጣል። ማታውን ቀዩን እስክሪብቶዬን ይዤ ስህተት ፈለግሁበት። አንድም አጣሁ።

«ዘሃራ ማናት?» አልኩት።

«የዓሚ ሳልም ልጅ።»

«ዓሚ ሳልምስ ማን ናቸው?»

«የዘሃራ አባት» አለና ሳቀ። ዓሚ በእነሱ አጎቴ እንደማለት ነው። «አይቼ ልምጣ፣ ውቤ።»

«አይተን እንምጣ» አልኩት።

ትምህርት የተዘጋበት ሐምሌ ነበር። ዘመሮ ጭጋግ ውጧት፣ ሰው ሁሉ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ይሄዳል። እናቴ፣ ልጄ በክረምት ባዶ እጇን ሰው ቤት አትገባም ብላ፣ ራሷ የፈተለችውን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ጥቁር የበግ ጠጉር ባና አስያዘችኝ። ባናው አንድ ሰው ያህል ይከብዳል። ሸዋንግዛው ምንም ሳይናገር ተሸከመው። ኋላ «ሙቀቱን ለምን አልነገርከኝም?» ስለው፣ «እናትሽ የፈተሉትን አይፈለግም ልበላቸው?» አለኝ።

በጣርማበር፣ በደሴ፣ በመቀሌ አድርገን በአራተኛው ቀን አስመራ ገባን። ከዚያ ቁልቁል ነው። መጀመሪያ ጉሙ፣ ቀጥሎ መንገድ ዳር በለስ የሚሸጡት ሴቶች፣ ቀጥሎ ሙቀቱ። በአንዱ ጠመዝማዛ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ በሌላው ሹራቤን። ባሕሩን መጀመሪያ ሳየው ሰማይ መስሎኝ ነበር። ሸዋንግዛው አውቶቡሱ ሳይቆም ከመቀመጫው ተነሳና በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ሚስቱን ይዞ መምጣቱን የረሳ መሰለኝ።

ምጽዋ ደሴት ናት፤ ከየብስ የሚያገናኛት በባሕሩ ላይ የተዘረጋ መንገድ ነው። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ነጭ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ሰገነታቸው የተፈለፈለ እንጨት ነው። ግማሾቹን ጦርነቱ በስቷቸዋል። ቱርኩም፣ ግብፁም፣ ጣሊያኑም አንዳንድ በርና አንዳንድ ቅስት ትተው ሄደዋል። ሰዉ በትግርኛ ጀምሮ በዐረብኛ ይጨርሳል፤ ሲቆጣ ደግሞ ጣሊያንኛ ጣል ያደርጋል። ከየበሩ «ሸዋ! ያ ሸዋ!» እያሉ ወጡ። እዚያ ስሙን ቆርጠው ሸዋ ብለውት ኖሯል። እሱም በዐረብኛ መለሰላቸው፤ በዐረብኛም ሳቀ። ከልቡ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ። በአማርኛ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዘሃራን ቆንጆ አድርጌ ነበር የሳልኳት። ከእሱ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቀጭን፣ አንድ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሴት ሆና አገኘኋት። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ምሳ ብቻ ነበር።

ለምሳ ለሁለት ተሰንጥቆ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ቀረበ። ሸዋንግዛው በዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሲበላ ሥጋ ቀምሶ አያውቅም፤ እነሱ የባረኩትን እሱ አይበላም፣ እሱ የሚበላውን እነሱ አይነኩም። ዓሣ ግን ቢስሚላህም በስመ አብም አይጠይቅም። ዘሃራ ከአባቷ ጋር እያወራች፣ ዓይኗን ሳታዞር፣ አጥንቱን እየለቀመች ሥጋውን እሱ ፊት ታኖራለች። እሱም ዓይኑን ሳያዞር ይበላል። ወይ እንካ የለ፣ ወይ እግዜር ይስጥልኝ የለ። እኔ ብዙ ጊዜ አጉርሼዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ «በሞቴ» ብዬ ነው።

ከምሳ በኋላ ባናውን አወጣሁ። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ነካ አደረገችውና እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበች። «ወላሂ፣ ይሄ ሰው ይገድላል!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ወዲያው ዘሃራና ሸዋንግዛው ተያዩ፤ ሁለቱም እኩል፣ በአንድ አፍ፣

«ለበረዶው!» አሉ።

ባናውን አንሥተው እየተሯሯጡ ወጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ።

እነሱ በረዶውን በጆንያና በሰጋቱራ ነበር የሚሸፍኑት፤ እስከ ቀትር ግማሹ ውሃ ይሆናል። ሸዋንግዛው ሞተሩን በዚያው ማታ አስነሳው፤ በማግሥቱ በባና የተጠቀለለው ግን በቀትር ጠርዙ እንኳ አልሟሸሸም። ዓሣ አጥማጆች ሊያዩ መጡ። ዓሚ ሳልም ባናውን በእጃቸው ዳሰው እናቴን መረቁ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ለእኔ ግን ሁለቱ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸው በአንድ ባና ላይ ሆኖ ብቻ ነው የታዩኝ። ያን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘሃራ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። አማርኛዋ ጥሩ ነው።

«እህቴ፣ ዓይንሽ ይጠይቀኛል። ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«እስላም ሁንልኝ አልኩት። አንቺ ክርስቲያን ሁኚልኝ አለኝ። ሁለታችንም እንቢ አልን። ከዚያ ወዲያ በረዶ ብቻ ነው የሠራነው። አራት ዓመት።»

ስንት ሰው ሲዋሽ ሰምቼ ንቄ አልፌያለሁ። እሷ እውነቱን ነገረችኝና እንቅልፍ ነሳችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓሚ ሳልም ሸዋንግዛውን ጠሩት። ሞተሩ ያለ ችግር እየሠራ ነው። «ቤቱ ያውልህ፤ ሚስትህም እዚሁ ታስተምራለች። ለቀትር መልስህን ንገረኝ» አሉት። ነገሩን ሲነግረኝ በባሕሩ ዳር እየሄድን ነበር። ክንዱ እስከ ክርኑ የሞተር ግራሶ ነው፤ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል። «ምን ትያለሽ፣ ውቤ?» አለኝ።

«ፀንሻለሁ» አልኩት።

አልፀነስኩም ነበር።

ቆመ። ባሕሩን አየ፤ ኋላ እኔን። «ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ! ምን ዓይነት ሴት ነሽ?» ብሎ ተቆጣና የያዝኩትን ጃንጥላ እንኳ ተቀበለኝ። ሽማግሌው ዘንድ ብቻውን ገባ። እኔ ደጅ ቆሜ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ በዐረብኛ ነው፤ አጭር ነበር። ወጥቶ «እንሂድ» አለኝ። 

አውቶቡሱ ጋ ዘሃራ ለስንቅ ቂጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ሆዴን አይታ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ። አቀርቅሬ፣

«ለአባትሽ ምን ብሎ መለሰላቸው?» አልኳት።

«አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

«እኔ ሰምቻለሁ፤ እሱ ካልነገረሽ ግን የእነሱ ነው» ብላ ሳቀች። «ደህና ግቢ።»

ዘመሮ ከገባን ከወር በኋላ ቆጠራው ተሳስቶብኝ ነው አልኩት። «እግዜር ሲፈቅድ» አለኝ። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብዙም ሳይቆይ የድንበሩ ጦርነት ተነሳ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ደብዳቤም ቀረ። ሸዋንግዛው አንድ ቀን እንኳ ቆጭቶኛል ብሎ አያውቅም። ጥሩ ባል፣ ጥሩ አባት ነበር። እኔ ግን ወፍጮ ጠግኖ ዱቄት ለብሶ ሲገባ ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። ያን ዕለት ባልዋሸው ኖሮ ምን ይል ነበር? ለእኔ ብሎ መጣ፣ ወይስ ላልነበረ ልጅ? ልጠይቀው ብል ውሸቴ ይወጣል። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት አለፈ። በመጨረሻው ሳምንት አጠገቡ ተቀምጬ እንኳ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ለሽማግሌው የተናገረውን ዛሬ የምታውቅ፣ በሕይወት ካለች፣ ዘሃራ ብቻ ናት። በቅርቡ አንድ ዘመዴ አስመራ የሚያውቀው ሰው እንዳለ፣ ስልኳን ሊያፈላልግልኝ እንደሚችል ነገረኝ። ደስ አለኝ። የምጠይቃትን ቃል በቃል በወረቀት ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሰላምታውን ጽፌ እዚያ ላይ ቆምኩ። ከመጠየቄ በፊት ማረፉን ልነግራት ነው። እሷ አልሰማችም፤ ለእሷ በሕይወት አለ። እዚህ ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ነፍስ ይማር እንላለን። እዚያ ግን ምናልባት እስከ ዛሬ አንዱ ስለ ሸዋ ያነሳል፤ እሷም «የት ይሆን ያለው?» ትላለች፤ ክንዱ ግራሶ የነካው፣ በዐረብኛ የሚስቅ ሰው ይታያታል። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ባልቴት ስሆን እሷ ምንም አልጎደለባትም። በዚህም ቀናሁባት። ከሁሉ የባሰው ቅናቴ ይህ ነው።

ዘመዴን አትፈልጋት አልኩት። መልሱ እሷ ዘንድ ይቆይ። እሱም።