በጥርስ የተለካ ዕድሜ

የቀበሌያችን አዳራሽ እሁድ ከሰዓት ፊልም ሲያሳይ በሩ ላይ «ከ16 ዓመት በታች ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር። በዚያ ዘመን አሰበ ተፈሪ ውስጥ የልደት ካርድ ያለው ልጅ ማን ነበር? ዕድሜያችንን የሚወስኑት በር ጠባቂው ነበሩ። ሰውዬው ብዙ ዘመን በሚኤሶ ገበያ የከብት ደላላ ሆነው ስለሠሩ ሌላ ዘዴ አያውቁም፤ አፍ አስከፍተው ጥርስ ያያሉ።

እኔና ጓደኛዬ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። የአባቷ ሥራ ወደ ሚኤሶ ስለተዛወረ ቤተሰቡ ሰኞ ጠዋት ሊሄድ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፊልም፣ አንድ ብቻ፣ አብረን ማየት አለብን! የኔ ጥርስ አያሰጋም፤ እናቴ «ካንቺ ቀድሞ ቤት የሚገባው ጥርስሽ ነው» ትለኝ ነበር። የሷ ግን አንዱ የወተት ጥርስ አልወልቅ ብሎ ቀርቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በክር አስረን ነቀልነው። ደሟን እየተፋች «ወላሂ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆንኩ!» አለችኝ።

እሁድ ወረፋችን ደረሰ።

«ኢልካን ኬ! ጥርስሽን አሳዪኝ!» አሉ ሰውዬው። የኔን አገላብጠው አዩና «ይቺ አድጋለች፣ ግቢ» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ እሷ አፏን ከፈተች። ክፍተቱን ሲያዩ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«አቦ፣ ይቺማ ገና ጥርሷን የምትጥል ጊደር ናት! ወደ ቤትሽ!»

ለካ ለከብት ደላላ አዲስ የወለቀ ጥርስ የልጅነት ምልክት ነው። ጉዳችንን ያፈላነው በገዛ እጃችን ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ አንድ እግሬ ውስጥ ገብቷል፣ የፊልም ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ አልዋሽም፣ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ግን ተመልሼ እጇን ያዝኩ።

«አባባ፣ እሷ ካልገባች እኔም አልገባም።»

ሁለታችንንም አፈራርቀው አዩን። ጢማቸውን አከኩ።

«እኔ ጥማድ በሬ ነጥዬ ሸጬ አላውቅም። ግቡ! ግን አንቺ ትልቋ፣ መጥፎው ነገር ሲመጣ ዓይኗን ሸፍኚ። አደራ!»

መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል። እኛ አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን ተቀመጥን። ፊልሙ ላይ ያሉት ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። አደራዬ ትዝ አለኝና ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩ። ወዲያው ደግሞ እፍረት ያዘኝና የራሴንም ጨፈንኩ። ፉጨቱ ሲያልቅ ዓይኔን ስገልጥ እሷ በጣቶቼ መሃል አፍጥጣ ታያለች።

ትልቋ ምንም አላየሁም! ጊደሯ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሷ እየጨመረች፣ በእጇም እያሳየች ተረከችልኝ። በሳቅ ሆዴን ይዤ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ከጭነት መኪናው ላይ፣ ከፍራሾቹ አናት ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ ያ የጥርሷ ክፍተት እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየኝ። ፊልሙን ከዚያ ወዲህ ደግሜ አላየሁትም። ያንን መሳሳም የማውቀው እሷ እንደነገረችኝ ነው፣ ሌላውን አልፈልግም።