ሸራው እስኪዘጋ ተቀመጡ

ኸሊዳ መጀመሪያ ሸራውን መሬት ላይ ትዘረጋና አራቱን ጫፍ በድንጋይ ትይዛለች። ሰመራ ላይ ድንጋይ ያልተጫነበትን ነገር ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ የጨው አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች። ጠርዙን ሦስት ጣት ታጥፍና በጠመኔ ታሰምራለች። ትልቁን ሚስማር እሳት ላይ አግላ በየሁለት ስንዝሩ ትበሳለች፤ የጋለ ሚስማር ክሩን እያቀለጠ ስለሚያልፍ ቀዳዳው አይተረተርም። የብረት ቀለበቱን ታስገባና በመዶሻ ሁለቴ ትመታለች። ሦስቴ ከተመታ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ሰም የተቀባ ሲባጎ በወፍራሙ መርፌ ታስገባና እጥፋቱን ዳር እስከ ዳር ትሰፋዋለች።

«የሥራ መዘርዝሬ ወጣቶችን በኪነ ጥበብ ማሳተፍ ነው የሚለው» አለችን የጋለውን ሚስማር ከእሳት እያወጣች። «ስለ ሚስማር አንድ መስመር የለበትም።»

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ ሻይ ቤት የከፈቱ ናቸው፤ ስፌቱን የተማረችው የጭነት መኪና ሸራ ከሚጠግን አጎቷ ነው። ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ ሰመራ ላይ አሥራ አራት ወጣቶች ይዛ ቲያትር እያዘጋጀች በዋናው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ታሳያለች። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል። አስተማሪ አይደለሁም ብትል የሰማት የለም።

ሸራው መጋረጃ ነው። ያለ መጋረጃ ልምምድ የሚባል ነገር የቀረው ባለፈው ወር ነው።

ለዚህ ምክንያት የሆነው ነገር በተፈጠረበት ቀን ልምምዱ አዳራሽ ውስጥ መሆን ነበረበት። ቁልፍ ያዡ ግን ስብሰባ ላይ ነው።

«መቼ ይመለሳል?» አለች ኸሊዳ።

«ስብሰባው ሲያልቅ» አላት ዘበኛው።

«መቼ ያልቃል?»

«ገና አልተጀመረም።»

ልጆቹን ይዛ መንገድ ዳር ካለው ግራር ሥር ሄደች። ቲያትሩ ከተማ ውስጥ እየበረሩ ስለሚያልፉ መኪኖች ነው። አብዱናሲር፣ የአሥራ ሰባት ዓመት የአፋር ልጅ፣ አንድ ልጅ በመኪና ተገጭቶ መሞቱን ለሽማግሌ ይናገራል። የሚናገረውም በአፋርኛ፣ በዳጉ ነው። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ አይዋሽም። የሰማም ሰው ለሚቀጥለው ሳያደርስ አያድርም።

አብዱናሲር «አንድ ልጅ መኪና ገጨው» ብሎ አበቃ።

«ይሄ ምን ዓይነት ዳጉ ነው?» ጮኸች ኸሊዳ። «ማን? የማን ልጅ? የት? ስንት ሰዓት? ዝርዝር አምጣ እንጂ!»

ልክ ያኔ የተገጪውን ልጅ ሆኖ የሚጫወተው አማን አርባ ደቂቃ አርፍዶ ደረሰ። አብዱናሲር ከላይ እስከ ታች አየው።

«ሟቹ ተገኘ» አለ።

«እሺ፣ ግን በአዲስ መኪና ግጩኝ» አለ አማን። ሁሉም ሳቁ። ኸሊዳም ሳቀች፤ ለዚህ ዛሬም ራሷን ይቅር አላለችም።

ከዚያ ሳይስቁ ደገሙት። አብዱናሲር አሳመረው፤ የሰርዶዋ የሐቢባ ልጅ አማን፣ ከሰመራ መውጫ ላይ፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣ ቀይ መኪና። መንገደኛ ሆነው ከግራሩ ወዲያ ማዶ ገና ጥላ የያዙት ሽማግሌ፣ ሸኽ አብዱልሰመድ፣ ይህን ብቻ ሰሙ። የሰሙትን ሊያደርሱ ተነሡና ሄዱ።

«የእኔ ደብዳቤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ጎረቤቱ ቢሮ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል» ትላለች ኸሊዳ። «ይሄ ወሬ ከምሳ በፊት ሰርዶ ከተማ ደርሶ ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአማን እናት ሐቢባ ከጭነት መኪና ወረደች። አማን መሬት ላይ ተቀምጦ የካርቶን መኪና ቀይ ይቀባል። እናቱ መጀመሪያ በጥፊ መታችው። ከዚያ አቀፈችው፤ ቀለሙ ልብሷ ላይ ሁሉ ታተመ። ከዚያ ወደ ኸሊዳ ዞረች።

«አንቺ፣ ልጅ አለሽ?»



በማግስቱ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ አልመጡም። ቤተሰቦቻቸው ከለከሏቸው። በአምስት ልጅ ቲያትር አይሠራም፤ ቲያትር ካልታየ ደግሞ ሥራው ይዘጋል። እሷ ይህን እያሰበች ሳለ የቀጠራት ቢሮ የተሳታፊዎችን ፎቶ «ፈገግ ያሉበትን» በአስቸኳይ ላኪ አላት።

በሦስተኛው ቀን ሸኽ አብዱልሰመድ ራሳቸው መጡ።

«ውሸታም አደረግሽኝ» አሉ ሳይቀመጡ። «ስልሳ ስምንት ዓመት አንድ ሰው ዳጉዬን ተጠራጥሮ አያውቅም። ትናንት ግመል ጠፍታለች ብል ምን አሉኝ? ‹አይተው ነው ወይስ ቲያትር ነው?›»

«አባቴ፣ ልጆቹ እኮ ልምምድ ላይ ነበሩ።»

«ልምምድ መሆኑን በምን ልወቅ? አዳራሽ ብትገቡ ኖሮ አልሰማም ነበር። መንገድ ዳር ሆናችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይቀር ተናገራችሁ።»

«የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ስብሰባ ላይ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም።»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ተቀመጡ፣ ተስማሙም። የማንም እውነተኛ ስም አይነሳም። ልምምድም ቢሆን ሸራ ሳይሰቀል ቃል አይወጣም። ከመጀመሩ በፊት እሳቸው ከሸራው ፊት ቆመው «ከዚህ ኋላ የሚነገረው የተፈጠረ ነው፤ ማንም እንዳያደርሰው» ብለው በዳጉ ይናገራሉ። ቤተሰቦቹም በእሳቸው ቃል ልጆቹን መለሱ፤ ሌላ የሐሰት ሞት ከወጣ ግን ዳግም እንደማይሰጡ ነገሯት።

ሰመራ ላይ ሲታይ ሸኹ ባሉት መሠረት ተናገሩ። ልጁ ሲገጭ ግን ከኋላ ሦስት ሰዎች ስልካቸውን እያወጡ ተነሡ። ሸኹ «ተቀመጡ! ገና አልተዘጋም!» ብለው ጮኹባቸው። ተቀመጡ።

ቅዳሜ ቲያትሩ የሚታየው አዋሽ ነው። ሸኹ አይሄዱም፤ ወገቤ ያን ሁሉ መንገድ መኪና ላይ አይችልም ብለዋል። የአዋሹን ሕዝብ ማን ተቀመጥ እንደሚለው ኸሊዳ አታውቅም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀለበት ሁለቴ መታችና ይህን ጻፉልኝ አለችን፦

«አዋሽ የምትመጡ ሁሉ፣ ስለ አላህ ብላችሁ፣ ልጁ ተገጨ ሲባል ስልክ አታንሱ። ሸራው እስኪዘጋ ተቀመጡ። ሲዘጋ የሞተው ልጅ በገዛ እግሩ ወጥቶ እጅ ይነሳል፤ አማን ነው። እሱን አይታችሁ ሂዱ። ወሬ ሳታደርሱ ማደር ካልሆነላችሁም ይህን አድርሱ፦ ልጁ ደህና ነው፣ ዛሬም አርፍዶ ነው የመጣው።»